ለብቻ የማትጎረስ ክኒን

በእኛ በቆላዋ ከተማ በኮኪት ሰው ለብቻው የሚጎርሰው ነገር ቢኖር መድኃኒት ብቻ ነው እል ነበር። እንጀራውን ከመንገደኛ ጋር ይበላል፤ ውኃውንም ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጀሪካን ይጠጣል። የሐኪም ክኒን ግን፣ ያውም በስም የታዘዘ፣ ማን ይካፈላል? ይህን ስል አባቴን ረስቼ ነው።

አባቴ ትንሽ የሰሊጥ እርሻ ነበራቸው። አምና በአጨዳ ሰሞን ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ይጫናቸው ጀመርና ጎንደር ወሰድናቸው። ሐኪሙ ድሮ ትራክተር ይነዱ እንደነበር ሲሰማ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳቸው። የልብ ደም ሥር እንደ ናፍታ ቱቦ ነው፤ ሲጠብ ልብ ይራባል፣ ሕመሙም የረሃቡ ጩኸት ነው አላቸው። አንዷ ክኒን ደሙ እንዳይረጋ፣ ሌላዋ ሞተሩ ዝግ ብሎ በትንሽ ናፍታ እንዲሠራ፣ በየቀኑ ይዋጣሉ። ትንሿ ግን ሕመሙ ሲመጣ ቁጭ ብለው ምላስ ሥር የሚያደርጓት ናት፤ ቱቦውን ታሰፋለች። ከኪስዎ እንዳትለይ፣ ከብልቃጧም እንዳትወጣ ብሎ አስጠነቀቃቸው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጅ ከወለድኩ ወዲህማ ነፋስ በሩን ቢገፋው እደነግጣለሁ። ጠዋት ጠዋት አባቴ ከመውጣታቸው በፊት ብልቃጧን ነቅነቅ አድርጌ እሰማታለሁ። ሕፃኗ ልጄ ድምፁን ስትሰማ ትስቃለች። ሌላ መጫወቻ መቼ አላት?

ድምፁ ግን እየሳሳ ሄደ። ለካ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች፣ አባቴ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ክኒኗን ሲወስዱ እያዩ፣ እኔንም ደረቴን ይወጋኛል ይሏቸዋል። በዚያ ሐሩር ጎንበስ ብሎ የዋለን ሰው ደረቱን ባይወጋው ነበር የሚገርመው። አባቴም ያድሏቸዋል። የወሰደ ሁሉ ራሱን ይፈልጠዋል፤ አንዱማ ዞሮበት ነዶው ላይ ተዘረረ። ይህን ጊዜ የክኒኗ ዝና ገነነ። ሰው የምትጥል መድኃኒት ጉልበት ቢኖራት ነው ተባለ።

ብቆጣቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ሰው እያየኝ ለብቻዬ ልጉረስ?» አሉኝ። እኔንስ ያሳደጉኝ ይህንኑ እያስተማሩ አይደለም?

አንድ ጠዋት ብልቃጧ ዝም አለች። ልጄም አልሳቀችም። ክኒኗ ኮኪት ስለማትገኝ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሹፌር እንዲያመጣልኝ ላክሁ፤ እስክትመጣ ቤት ይዋሉ ብዬም ለመንኋቸው። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፣ ይረግፋል ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ በትራክተር ተሳቢ ላይ አስተኝተው አመጧቸው። የትራክተሩ ቱቦ ደህና ነበር፤ የተዘጋው የአባቴ ነው። ሐኪሙ ኋላ፣ ክኒኗ ብትኖርም ላታተርፋቸው ትችል ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን እንጃ።

ለቅሶው ላይ ሠራተኞቹ ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ እኔን አድነው እሳቸው ሄዱ እያለ ያለቅሳል። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ የዳነ ሰው ቁጭ ብዬ አያለሁ። በመጨረሻ አንድ የጎጃም ጎልማሳ አጠገቤ ቁጭ አለና ከኪሱ በላስቲክ የተቋጠረች ነገር አወጣ። ክኒኗ ናት። እንደ ሌሎቹ ተቀብሎ፣ ሳይወስዳት ሕመሙ ለቆት ኖሯል።

«ልመልስላቸው ስል፣ ግዴለም ለክፉ ቀን ያዛት አሉኝ» አለና አንገቱን ደፋ።

ተቀብዬ ብልቃጧ ውስጥ ጣልኳትና አጥብቄ ከደንኩ። ልጄ ብልቃጧን የያዘውን እጄን ያዘችና ነቀነቀችው፤ ክኒኗም ተንኳኳች። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሀል እሷ ብቻ ሳቀች።