ላይኛዋ ድምፅ

ጥፋቱን ሁልጊዜ ዕቃው ላይ የሚጥል ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተመሠረተም። ወጡ ሲያርር ድስቱን ይረግማል። ኳስ ሲስት ጫማውን አውልቆ ይመረምራል። ሌላው ሰፈር የራሱን ይቁጠር፤ ከቁስቋም ዝቅ ብለን የምንኖር የጉለሌ ሰዎች ግን ይህን ማዕረግ ያለ ተወዳዳሪ ለክቡርነታቸው ለጋሽ ስብሐት ሰጥተናል።

ጋሽ ስብሐት የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሡና በየመንደሩ እየዞሩ ይነፋሉ፤ ከዚያ ማን እንዳረፈና ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራሉ። ሌላው እድር በቆርቆሮ ጥሩምባ ነው የሚያስነፋው። ክቡርነታቸው ግን በወጣትነታቸው የፋብሪካ ባንድ ውስጥ ስለነበሩ የሚዞሩት በእውነተኛ ትራምፔት ነው።

በዚያ ባንድ ውስጥ አንዲት ከፍ ያለች ድምፅ ነበረች። ወደ እሷ ሲወጡ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። ባንዱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፤ እሳቸው ግን ዛሬም አልተዋት። «ችግሩ እኔ ጋ አይደለም፤ አፉ ጋ ነው» ይላሉ። አፍ የሚሉት ትራምፔቱ ጫፍ ላይ የሚሰካውን፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሽዬ የናስ ጽዋ ነው።

የዚህ ሁሉ ፍለጋ ሰሚ ጽጌረዳ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በመስኮቷ ዘይትና ጨው እየቸረቸረች ትኖራለች፤ ከጋሽ ስብሐት ጋር አንድ አጥር ይለያቸዋል፤ አጥሩም ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ አይከለክልም።

ዱሮ የነበራቸው አፍ ጥልቅ ነበር። ድምፁ ጥጃዋ እንደጠፋባት ላም ወፍራምና ሆድ የሚያባባ ነው። ያን የሰማ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ «ማን ይሆን?» ይላል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። ላይኛዋ ድምፅ ግን በዚያ አፍ አትወጣም። ስለዚህ ክቡርነታቸው ዊንጌት ወርደው ሙዘይን የሚባለውን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ማስጨነቅ ጀመሩ።

«ሙዘይን፣ ከዚህ ጥልቀቱ ያነሰ የለህም?»

«ጋሼ፣ ያለፈው ሳምንቱ ምን ሆነ?»

«ወደ ላይ ይወጣል፤ ግን ይቀጥናል።»

«ቅጥነቱ ታዲያ የዕቃው ነው ወይስ የእርስዎ?»

«ችግሩ እኔ ጋ...»

«አይደለም፤ አፉ ጋ ነው። አውቃለሁ ጋሼ፤ ይግቡ፣ ይምረጡ።»

መረጡ። ጠባቡ እንደ ሚኒባስ ፍሬን ጮኸ። ሰፊው ላይ ከንፈራቸው እየተንሸራተተ አስቸገረ። ከዚያ ጥፋቱ ወደ ክብደቱ ተዛወረ። በያጁ በዳሳ ትራምፔቱ ላይ ያሉትን ድጋፎች ነቅሎ እንዲያቀለው ታዘዘ፤ ቀለለም፤ ከዚያ በኋላ በረዶ እንደሚወርድበት ጣሪያ ይንጫጫ ጀመር። ተመልሰው ሄደው የብረት ቀለበት አስጠመጠሙበት፤ ድምፁ ወፈረ፤ ላይኛዋ ግን ከበፊቱም ራቀች። ነገሩ እንደ አጭር ጋቢ ነው፤ ራስን ሲሸፍኑ እግር ይቀራል፣ እግርን ሲሸፍኑ ራስ።

ያንን ጥልቁን አሮጌ አፍ ለጽጌረዳ በአጥሩ ላይ አቀበሏት። «ውሰጂው ጽጌ፤ ለዘይት መገልበጫ ይሆንሻል» አሏት። ሆናት። ቀስ ብሎ ቢያወርድም አያፈስም።

ጥር ላይ ሸማኔው ሾዴ ሞተ። ሾዴ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ ዘመዶቹ ያሉት ጨንቻ ነው። እዚህ ያለው እድሩ ብቻ ነበር። እድርተኛው ካልመጣ ሬሳውን ወደ ቁስቋም የሚሸከም ትከሻ የለም።

በዚያ ጠዋት ጋሽ ስብሐት ከአፎች ሁሉ ጥልቀቱ ያነሰውን ሰክተው ወጡ። ነፉ። ያቺ የወጣትነታቸው ላይኛዋ ድምፅ፣ ስንት ዘመን የተደበቀችው፣ እንደ ብርሃን ቀጥ ብላ ወጣች።

ጽጌረዳ በሯን ከፈተች። «ጥር አይደል፤ ሙሽራ ሊወስዱ ነው» ብላ እልልታውን ለቀቀችው። ከላይ መንደር ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። አንዷማ «የማን ልጅ ናት እናንተ?» ብላ በአጥር ጠየቀች። ጋሽ ስብሐት የሾዴን ስም አልጠሩም ማለት አይደለም፤ ጠርተዋል። ነገር ግን ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ጥሩምባውን ካወቀው በኋላ ነው። ደግሞ ያ አፍ ከንፈራቸውን እንደ እንጀራ ሊጥ ኩፍ ስላደረገው ቃሉ ተኮላተፈ።

ረፋድ ላይ ጽጌረዳ በሾዴ በር ስታልፍ ድንኳን አየች። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። አንዱ ላይ ጋሽ ስብሐት ትራምፔታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ምነው ጋሽ ስብሐት? ሾዴ ነው እንዴ? ሰው የት አለ?»

«ነፋሁ እኮ ጽጌ። እንደ ዛሬ ነፍቼ አላውቅም።»

«በሞትኩት! እርስዎ ነዎት እንዴ? እኔ እኮ ሰርግ መስሎኝ እልል ብያለሁ!»

መጀመሪያ ፊታቸው በራ። ወዲያው ጠፋ። ሬሳው ወዳለበት ቤት ዞረው አዩ።

«እኔና አንቺ ብቻ ልንሸከመው ነው?» አሉ።

ጽጌረዳ ወደ ቤቷ ሮጠች። መገልበጫዋን ከጠርሙሱ አፍ ነቅላ፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተመለሰች።

«ይኸው። ዘይት ዘይት ቢልዎትም ችለው ይንፉት።»

ጋሽ ስብሐት ስለ ዕቃው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የጠዋቱን አፍ ኪሳቸው ከተቱና ጥልቁን ሰኩ። ላሟ ጮኸች። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ጠዋት እልል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ሙዘይን ሱቁን ዘግቶ ከዊንጌት ሽቅብ ወጣ። ሾዴም ትከሻ እየተለዋወጠለት፣ አንዴም ሳይወርድ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቁስቋም ደረሰ።

ከቀብር ሲመለሱ ጋሽ ስብሐት ከጽጌረዳ ጎን ጎን ሄዱ። ሰፈሩ ሲቃረብ ጠየቁ።

«ለመሆኑ... ጥሩ ነበረች?»

«ማን?»

«ላይኛዋ።»

«ባታምር እልል እል ነበር?» አለች። ጥቂት ተራምዳ ቀጠለች፤ «ይልቅስ ይስሙኝ። እኔ ስሞት መጀመሪያ በዚህ በዘይቱ ይንፉና ሰው ይሰብስቡልኝ። ሰው ከሞላ በኋላ ግን ያቺን ላይኛዋን አንዴ ይልቀቁልኝ።»

ክቡርነታቸው ቆሙ። ያበጠ ከንፈራቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«እንግዲያው እንዳትቸኩዪ ጽጌ» አሉ። «ትክክለኛውን አፍ ገና አላገኘሁትም።»

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ስብሐት ሚኒባስ ፍሬን ያዘ። ጽጌረዳ ዘይቷን በላስቲክ ቁራጭ እየገለበጠች ጆሮዋን ሰጠች።

«ገና ነው፤ እግዜር ይመስገን» አለች።