ጣራ ሠሪው ደንበኛዬ

ዓይናፋር ሰው ሁሉንም ነገር የሚወደው ከሩቅ ነው። ገበያ መሃል ስሙን ቢጠሩት መንገድ ይቀይራል፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን አንደበቱ ይፈታል። ስለዚህ ኢንተርኔት የተፈጠረው ለእንደኔ ዓይነቱ ይመስለኛል፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ልናገር።

አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የጋቢ ሱቅ አለን። ቱሪስቱ ግን በመኪና መስኮት ገልመጥ አድርጎን ወደ ዶርዜ ሽቅብ ይነዳል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ሱቁ ውስጥ በተቀመጥኩበት ዘመን አንድ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣና ትናንሽ ነጋዴዎችን ሰበሰበን። ድረ ገጽ ክፈቱ፣ በየሳምንቱ ጻፉ፣ አስተያየት ለሚሰጣችሁ ሁሉ መልሱ፤ ስልቱ የረጅም ጊዜ ነው፣ እንደ ተክል ነው፣ ተክላችሁ ትጠብቃላችሁ አለን። አባቴ እጁን አውጥቶ፣ ሙዝ ነው ወይስ ዝግባ ሲል ጠየቀው። አሠልጣኙ ሳቀና አለፈው።

ድረ ገጹን ከፈትኩ። ዋጋ እንጻፍበት ብለው አባቴ፣ የሰው ፊት ሳላይ እንዴት ዋጋ እናገራለሁ አለ። ጋቢዎቹን ፎቶ ላንሳ ብለው፣ ጥለቴን ጎረቤት እንዲገለብጠው ነው አለ። እናም በጋቢ ሱቃችን ድረ ገጽ ላይ ዋጋም ጋቢም የለም፤ የሱቁ በር ፎቶና ስልክ ቁጥራችን ብቻ አሉ። ከበሩ ሥር ስለ ጋቢ አስተጣጠብ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጠፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሮበርት የሚባል ሰው አስተያየት ሰጠ። ጽሑፍሽ ድንቅ ነው፣ ስለዚህ ጉዳይ እንዲህ በጥልቀት የጻፈ አላየሁም፣ እመለሳለሁ ይላል። ለብ ባለ ውኃ እጠቡ ነበር ያልኩት፤ ጥልቀቱ የቱ ጋ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ስሙን ስነካው የጣራ ጥገና ማስታወቂያ ወዳለበት ገጽ ወሰደኝ። ጣራ ሠሪ ነው ማለት ነው። በሙያው የማያፍር ወንድ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አልመለስኩለትም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ እስቲ ሂዱና ተመለሱ ይባላል። የምሩን የሆነ ሰው ይመለሳል። ሮበርት ተመለሰ። አሁንም ዝም አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ምን ማስረጃ ቀረ? ፊቴ እየጋለ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲያ የምጽፈው ለእሱ ሆነ። የዶርዜ ቤት ጣራ ከቀርከሃ እንዴት እንደሚጎነጎን ጻፍኩ። ምስጥ ከሥር እየበላው ቤቱ ሲያጥር ሰው እንዴት እንደሚኖርበት ጻፍኩ። አባቴ ተርጉሜ ሳነብለት ቆየና፣ ልጄ፣ የምንሸጠው ጋቢ ነው ወይስ ጣራ አለኝ። ስልት ነው አልኩት።

በዚህ መሃል መምህር ታደለ ሽማግሌ ላከ። የከተማችን ልጅ ነው፤ ሱቃችን እየመጣ የክር ዋጋ የሚጠይቅ፣ ክር ግን ገዝቶ የማያውቅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። አባቴ ምን ልበላቸው ሲለኝ፣ ላስብበት አልኩ። ተመልሰው መጡ፤ ላስብበት አልኩ። በሦስተኛው አንዱ ሽማግሌ፣ ይቺ ልጅ ሐሳብ በዝቶባታል፣ ዩኒቨርሲቲው ነው ያበላሻት አሉ። ሰውየውን ሳልወደው ቀርቼ አይደለም። ያን ሰሞን ሮበርት፣ ጽሑፎችሽን ሳላነብ አልውልም ብሎኝ ነበር፤ መምህር ታደለ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ይወጣዋል? መምህሩም ቆይቶ ሀዋሳ ተዛወረ።

ሰናይት የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ሴቻ ሰፈር ፔንሲዮን አላት፣ ሥልጠናውንም አብረን ነው የወሰድነው። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ገጿን ስትከፍት ዓይኔ ሮበርት ላይ አረፈ። ፔንሲዮናችን ትኋን የለበትም ብላ ከጻፈችው ሥር፣ ጽሑፍሽ ድንቅ ነው፣ እንዲህ በጥልቀት የጻፈ አላየሁም፣ እመለሳለሁ ይላታል። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጻጻፉት አልኳት። ከማን ጋር አለችኝ። ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንቺ፣ ይሄ እኮ ሰው አይደለም፣ ማስታወቂያ የሚበትን ፕሮግራም ነው፣ ያገኘው ገጽ ሁሉ ላይ ይለጥፋል፤ ምነው፣ መለስሽለት እንዴ አለች። ኧረ በጭራሽ አልኳት።

ወንድ ሆኖ ቢከዳኝ ወግ ነበረው፤ እንደ ሰው አለቅስ ነበር። ለማሽን ብሎ ሽማግሌ የሚመልስ ሰው ለማን ያለቅሳል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። የኔው ሄዶ ሄዶ ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው። መጻፉን ተውኩ።

ገጹ ግን እዚያው ቀርቶ ኖሯል። ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ከሀዋሳ ደወለች። የዶርዜ ጋቢ ብላ ስትፈልግ መጀመሪያ የመጣላት የእኛ ሱቅ ነው። ልታገባ ነው፤ ለባሏ ወላጆች ጋቢ መስጠት ፈልጋለች፤ እዚያው አርባ ምንጭ ናቸውና ብታደርሱልኝ አለች። እነማን ቤት ልበል አልኳት። የመምህር ታደለ ወላጆች ቤት አለችኝ። ለእሱ ግን እንዳትነግሪብኝ የኔ እህት፣ ድንገት ላስደስተው ብዬ ነው አለች። አይዞሽ፣ አልናገርም አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ የአባቴ ፊት በርቷል። በኢንተርኔት የመጣ የመጀመሪያው ደንበኛችን ነው። አየሽ ልጄ፣ አሠልጣኙ እውነቱን ኖሯል፣ መታገሥ ብቻ ነው አለኝ። ከመደርደሪያው ምርጥ ምርጡን አውርዶ እጄ ላይ አኖረና፣ ለሠርግ ነውና አሳምረሽ እጠፊው አለ።

አሳምሬ አጠፍኩት።