ዐም ሳልሕ የመለሰው ፖስታ

እኛ ካርቱም የምንኖር ሐበሾች ከሁሉ በላይ የምንሳሳለት ነገር ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ወርቅ አልላችሁም። ወረቀት ነው። ወርቅ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከጠፋ ግን ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ "ወረቀት!" ሲላችሁ፣ በዚህ ከተማ ስንት ዓመት እንደኖራችሁ በምላሳችሁ ማስረዳት አትችሉም። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ወረቀታችንን ከፍራሽ ሥር፣ አንዳንዶቻችንም (ስም አልጠራም) ዱቄት ጆንያ ውስጥ እናኖራለን። እንዲህ ያለውን ወረቀት አውጥቶ ለማያውቁት ሰው መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ ገምቱት።

ጋሽ ጌታሁን ሳጃና በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ በፖለቲካ ተሰደው ከመጡ ወዲህ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ሰዓት ይጠግናሉ። እኔ ደግሞ ዐረብኛ መጻፍ ስለምችል የሰፈሩ ቅጽ ሞይ ነኝ። ኖርዌይ ያለችው ልጃቸው ምሕረት እሳቸውንና እናቷን እትዬ ብርሃኔን ለመውሰድ አመለከተችና፣ የዚያ አገር ቢሮ "ኮፒ አንቀበልም፤ ዋናውን በአንድ ወር ውስጥ ላኩ" አለ። ዋናው ማለት የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት፣ የምሕረት የልደት ወረቀትና የጋሽ ጌታሁን የስደተኝነት ወረቀት ነው። ሁሉም አንድ አንድ ብቻ።

ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ወደሚገኝ የፈጣን መልእክት ቢሮ አብረን ሄድን። ቅጹን ስሞላ "የዕቃው ዋጋ" የሚል መስመር ላይ ደረስኩ። ጸሐፊዋ፣ ለሰነድ "የለውም" ተብሎ ነው የሚጻፈው አለችኝ፤ ጻፍኩ። ጋሽ ጌታሁን በትከሻዬ በኩል ያነቡ ኖሯል።

"ዋጋ የለውም? የጋብቻ ወረቀቴ? ብርሃኔ ብትሰማህስ?"

"ጋሽ ጌታሁን፣ የቅጹ ደንብ ነው።"

"ደንቡ ባለጌ ነው!"

ጸሐፊዋ "በአራት ቀን ይደርሳል፣ ኢንሻላህ" ብላ ፖስታውን አሸገችው። አንድ ሽበታም ሾፌር ከሌሎች ፖስታዎች ጋር ጆንያ ውስጥ ጨመረው። ጋሽ ጌታሁን እስከ በሩ ድረስ ተከትለው በዐረብኛ "አማና ነው"፣ አደራ አሉት። ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሄደ።

ያኔ አሮጌው መንግሥት ወድቆ፣ ሕዝቡ ሥልጣን ለሲቪል ይሰጥ ብሎ ከጦሩ መምሪያ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ፖስታውን በሰጠን ማግሥት፣ ማለዳ፣ ያ ቦታ በጥይት ተበተነ። የሳጃና መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። ኢንተርኔት ተቆረጠ። ቢሮው ጭር አለ፤ በእጃችን የቀረው ፖስታው የት እንደደረሰ ይነግራችኋል የተባለ ረጅም ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩን ለማን እንንገረው? ምሕረት ስልኩ በሠራ ቁጥር እየደወለች "አባዬ፣ አልደረሰም" ትላለች።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት አለፈ። ጋሽ ጌታሁን መብል ቀነሱ፣ ቁጣ ጨመሩ።

"ያ ሾፌር ሸጦታል!"

"የእርስዎን የጋብቻ ወረቀት ማን ይገዛል?"

"ሚስት የሌለው!"

አንድ ቀን ንዴቱ ሲብስባቸው "ልጅ አይውጣለት!" ብለው ተራገሙ። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ አማተቡና "ኧረ ተው፣ ምን አፍ ነው!" አሉ። እኔ ሳቅኩ። እንደዚያ በመሳቄ ዛሬም ራሴን እታዘባለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዐርብ ጠዋት እነጋሽ ጌታሁን ቤት ተቀምጬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩት። ሽበታሙ ሾፌር ነው፤ ጀላቢያው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። ፖስታው በእጁ ነው። እሽጉ እንኳ አልተነካም።

"የጌታሁን ሐበሻ ቤት እዚህ ነው? ሦስት በር አንኳኳሁ" አለ። ስሙ ሳልሕ እንደሆነ ነገረን፤ እኛም እንደ አገሩ ወግ "ዐም" (አጎት) አልነው። ያን ማለዳ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ ተኩሱ መንገድ ላይ ደረሰበት። መኪናዋን እዚያው ትቶ ጆንያውን ተሸክሞ በእግሩ ቡሪ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ገባ። ቢሮው ስላልተከፈተ አሁን ፖስታዎቹን ለየባለቤቶቻቸው እየዞረ እየመለሰ ነው።

"ዘገየሁ፤ ማዕሌሽ፣ ይቅርታ። አንድ ጉዳይ ነበረኝ" አለ።

ጋሽ ጌታሁን ፖስታውን ተቀብለው አገላበጡ። እትዬ ብርሃኔ ግን ወንበር አቀረቡና "ዐም ሳልሕ፣ በሞቴ ተቀመጥ፤ ሻይ ልጣድ" አሉ።

"አልችልም፤ ቤቴ ሰው ሞልቷል። ለቅሶ አለብን።"

"ማን ሞቶ?"

"ልጄ።"

ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከጦሩ መምሪያ ፊት ከተቀመጡት ጋር ነበር። አባቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲፈልገው ሰንብቶ፣ ከሬሳ ክፍል ያገኘው ከሁለት ቀን በፊት፣ ረቡዕ ነው። "አንድ ጉዳይ" ያለው ይህን ነው።

እትዬ ብርሃኔ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። "ልጅህ ሞቶ የኛን ወረቀት?"

"አማና ነው ብሎኛል እኮ" አለና ወደ ጋሽ ጌታሁን ጠቆመ። "ሰው ወረቀቱን ሲጠብቅ እንቅልፍ የለውም።" ሌላ ሁለት ቤት እንደሚቀረው ነግሮን ወጣ።

ጋሽ ጌታሁን ፖስታውን እንደታቀፉ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። "እኔ እኮ..." አሉ። አልጨረሱትም። ያ እርግማን ለሦስታችንም ትዝ ብሎናል። ያን ቀን ሬዲዮ እንኳ አልከፈቱም።

መንገዱ አልመች ብሎን ለቅሶ የደረስነው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። ቡሪ ውስጥ አንድ ግቢ፤ ወንዶች ተቀምጠዋል። ጋሽ ጌታሁን፣ ማተባቸው ከሸሚዛቸው በላይ እየታየ፣ እንደ አገሩ ደንብ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ለሟች የሚደረገውን ጸሎት፣ ፋትሓውን፣ ተቀበሉ። ዐም ሳልሕ አጠገቡ አስቀመጠን። ከስቷል። "ወረቀታችሁስ? መንገድ አገኘ?" ሲል ጠየቀ።

ቢሮው እንደተዘጋ ነው። ፖስታው በዚያች ሰዓት እትዬ ብርሃኔ ትራስ ሥር ነበር።

"ደረሰ፤ አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

ዐም ሳልሕ ቀና አለ። ወደተቀመጡት ዘመዶቹ ዞረና "ደረሰ ይላሉ" አላቸው። አንዱ ሽማግሌ "ማሻላህ" አለ፤ ሌላውም ተቀበለው፤ ሻይም መጣልን።

ስንወጣ እኔ፣ ሥራዬ ቅጽ ሞልቶ እውነቱን መጻፍ ነውና፣ አላስችል አለኝ። "ጋሽ ጌታሁን፣ ዋሹ እኮ።"

"አልዋሸሁም። ትንሽ ቀደምኩ እንጂ።"

ቢሮው የተከፈተው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የኖርዌዮቹ ቢሮም፣ የካርቱምን ወሬ በቴሌቪዥን አይቶ ይሆናል፣ ቀነ ገደቡን አራዘመ። ላክነው። በአምስተኛው ቀን ምሕረት ደውላ "አባዬ! ደረሰ!" ብላ ጮኸች፤ እኔ እንኳ ከግድግዳው ማዶ ሰማኋት።

ጋሽ ጌታሁን ረጋ ብለው፣ "አውቃለሁ" አሏት።