አንበሳ መሀል የገባባት ስሙኒ

ጎበዝ፣ ዛሬ አንድ ሰው እዚህ የለጠፈውን የስሙኒ ፎቶ አይቼ ቁርሴ አልወርድ አለኝ!

አዎ፣ ስሙኒ። የደርግ ጊዜዋ። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት ያሉባት።

“ሲመታ የተበላሸ፣ ብርቅ ነው” ብሎ ጽፏል። ላይኩ ዘንቦለታል። እኔ ግን አላደረግኩም። ቅናት ነው፣ ምን ልደብቃችሁ!

ስሙት እንግዲህ ጉዴን።

ያኔ ጎንደር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ለሥራ ቆላ ድባ ወርጄ ስመለስ ኪሴ ውስጥ የተገኘችው ስሙኒ አላማረችኝም። ከሰውዬውና ከሴትዮዋ መሀል የአንበሳው ጋማ ጥላ ወጥቷል።

ሐሰተኛ ገንዘብ!

ዘመኑን የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። “አሻጥረኛ” ከተባልክ አለቀልህ።

በማግሥቱ ፒያሳ ሻይ ቤት ከጓደኛዬ ከጌታሁን ጋር ተቀምጠናል። የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ቁመናውማ አይነሳ! “ለሲጋራ ዝርዝር አጣሁ፣ ስሙኒ ይኖርሃል?” አይለኝም?

ይኖረኛል ወይ! “ለወንድሜ ምን ይሳነኛል” ብዬ አስጨበጥኩትና ተገላገልኩ።

ደግ ሰው ነኝ አይደል?

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ብገባ፣ ሻይ ቤቱ በሙሉ ጌታሁንን ከቦታል። አጠገቡ ደግሞ ጽጌ። ጽጌ ማለት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ ላናግራት ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠርጌ የቀረሁባት ልጅ ናት።

“ሳንቲም የሚመታው በሁለት ማኅተም መሀል ነው” ይላል ለሲጋራ ሳያወጣ ያስቀራትን ያችን የኔን ስሙኒ እያገላበጠ። “አንዳንዴ ብረቱ ሳይገባ ይቀርና ማኅተሞቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የአንዱ ምስል ሌላው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመቱት ሳንቲሞች ጥላውን ይዘው ይወጣሉ።”

ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ “መሀላቸው ምንም ስላልነበረ ነው እንዲህ የተገናኙት” አላት።

ኧረ በማርያም!

“ምነው እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር እስከዛሬ ሳታሳየኝ?” አለችው። እኔን ስታናግር እንዲህ ያለ ድምፅ አላት እንዴ?

ስሙኒዋ የኔ! ልጅቷም በልቤ የኔ! ግን ምን ብዬ ልናገር?

ሌላ ፈልጌ ላግኝ ብዬ ጠዳ ገበያ ሄድኩ። የሽንኩርት ነጋዴዎችን ስሙኒ ሳገላብጥ አንድ ሽማግሌ፣ “ምነው ልጄ፣ ጤናም የለህ?” አሉኝ።

“ደህና ነኝ አያ፣ አንበሳ እየፈለግኩ ነው።”

ሰውዬው ፈቀቅ አሉ። እኔም አላገኘሁም፤ አንበሳው ሁሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ተመልሼ ሻይ ቤት ስገባ ጌታሁን ያችኑ ወሬ ይደግምላታል። ጽጌ ትከሻውን ተደግፋለች። ይኼኔ አፌ አመለጠኝ!

“የኔ ናት! እኔ ነኝ የሰጠሁህ! ሐሰተኛ ባትመስለኝ መቼ እሰጥህ ነበር!”



ጽጌ ቀስ ብላ ዞረች። “እሱ ቢያዝባትስ ኖሮ?”

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ጌታሁን ግን አልተቆጣም። ሳቅ አለና ስሙኒዋን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ። “እንካ፣ ያንተው ናት።”

ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? “በፍጹም!” ብሎ ይመልሳል። ይቅርታ ይጠይቃል።

እኔ ወሰድኳት።

ወስጄም ኪሴ ከተትኳት! ጽጌ እጄን እስከ ኪሴ ድረስ በዓይኗ ሸኘችውና ተነሣች። ተያይዘው ወጡ። ኋላ በሰርጋቸው ሚዜ አደረጉኝ፤ እዚያም ቆሜ ቀናሁ።

እሱ ልጅቷን፣ እኔ ስሙኒዋን።

እስኪ ፍረዱኝ፦ እጄን ስዘረጋ አንድ ሰው እንኳ “ኧረ ተው!” የማይልበት ምን ዓይነት ሻይ ቤት ነው?