የአያት ስም የሌለው ወረቀት

እኛ አገር ሰው ከሚሠራበት ጊዜ የሚጠብቅበት ይበልጣል ብል የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም። ዝናብ እንጠብቃለን፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ እስኪያባራ እንጠብቃለን። መርሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» የተባላችሁ ለት፣ ያ አንድ ሰው ገና ከቤቱ እንዳልወጣ፣ ምናልባትም ለመሄድ ገና እንዳልወሰነ እያወቃችሁ ትጠብቃላችሁ። መንገድ ሲከፈት ኔትወርክ ይዘጋል፤ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ሁሉም አንድ ላይ የተገኙ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እንዲህ እየኖርን «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። እኔ ይህችን ቃል ለብዙ ዘመን «አላውቅም» ለማለት ያፈረ ሰው የሚከናነባት ጨዋ ነጠላ አድርጌ ነበር የምወስዳት።

እንዲህ ያደረገኝ ሙያዬ ነው። ዜና ስሠራ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ሰው «ይባላል» ካለኝ «ማን ነው ያለው?» እላለሁ፤ «ሁሉም» ካለኝ ደብተሬን አጥፌ እነሣለሁ። ጀማሪ ዘጋቢ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ትምህርቴ አንድ ነው፤ ስም እስከ አያት። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ ትምህርት ብቻውን ግማሽ ሙያ ነው። መርሳ ገበያ መሐል ቆማችሁ «ሞላ» ብላችሁ ብትጣሩ የገበያው ሩብ ዞሮ ያያችኋል። አባት ብትጨምሩም ጥቂት ሰው ይቀራል። አያት ስትሉ ነው አንድ ሰው «አቤት» የሚላችሁ። ይህን ልብ በሉልኝ። በኋላ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ሞላ ይመር መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እኔ ወልድያ እኖራለሁ፤ መኪናዬ ግን ከወልድያ ይልቅ እሱ ጋ ስለምትውል ቤተሰብ ሆነናል። አንገቱ ላይ እብጠት ወጣችበት። መጀመሪያ የባቄላ ፍሬ ታህል ነበር፤ ከርማ ሎሚ አከለች። እሱ «እንቅርት ነው፣ በአያቴም ነበር» እያለ በቱታው ኮሌታ ሲሸፍናት፣ ባለቤቱ ዘነቡ አንድ ቀን ኮሌታውን ገልጣ ወልድያ ወደሚገኝ ክሊኒክ ይዛው መጣች። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማውቅ። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዶ አዲስ አበባ እንደሚላክና ውጤቱ በሦስት ሳምንት እንደሚመጣ ነገራቸው።

ሦስቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ።

እኔ በሄድኩ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው ስለው፣ እስኪመጣ ይላል። ባይመጣስ ስለው፣ ያልመጣ ነገር ምን ያደርገኛል ይላል። አንድ ቀን ነዘነዝኩት መሰለኝ ከመኪና ሥር ራሱን አወጣና እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ሰው፣ ሞተር ስፈታ ባለመኪናው አናቴ ላይ ቆሞ ‹አለቀ? አለቀ?› ሲለኝ ብሎን ይጠፋብኛል። እኔም እግዜር አናት ላይ እንዲህ አልቆምበትም።»

ይህን መልስ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጥሩ አባባል ነው ብዬ እንጂ ማስረጃ ነው ብዬ አይደለም።

በመጨረሻ ዘነቡ መጠበቅ ሰለቻት። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያው ወልድያ ነዎት፤ መጠየቅም ሥራዎ ነው» አለችኝ። የናሙናው ቁጥር ያለበትን ወረቀት ስጠይቅ ሞላ ከቱታው ኪስ አወጣልኝ። በተቃጠለ ዘይት ርሶ፣ ከቁጥር ይልቅ የቆዳ ቁራጭ መስሏል። ግድ የለም፣ ስም አለ አይደል? ሄድኩ። ካርድ ክፍል ላለችው ልጅ «ሞላ ይመር» አልኳት። መዝገቡን ገለጠች፤ አለ። ዕድሜ ሃምሳ፤ ልክ ነው። ወረዳ ሐብሩ፤ ልክ ነው። ናሙናው የተወሰደው ከአንገት፤ ልክ ነው። አራት ነገር ገጥሞልኝ ያላመንኩት ዜና የለም። ዕድሜ ሲጠየቅ ሐብሩ ውስጥ ከአርባ አምስት እስከ ስድሳ ያለ ወንድ ሁሉ «ሃምሳ ጻፊው» እንደሚል ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አነበበልኝ። ክፉው ዓይነት ነው አለ። ጊዜ ሳይሰጥ አዲስ አበባ ሄዶ ሕክምና መጀመር አለበት አለ። እርግጠኛ ነህ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሁለት ጊዜም እርግጠኛ ነበር።

መርዶ ይዞ መሄድ ወግ አለው። ሰው በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ዙሪያውን እየዞረ ነው የሚያረዳው። እኔ ግን ዙሪያ የሚዞር ቋንቋ የለኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ እንደ ዜና ነገርኩት። ምሳ ይዛ የመጣችው ዘነቡ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሞላ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ በክሪክ ወደ ተነሣችው የጭነት መኪና ተመለከተና፣ የዚህችን ፍሬን ልጨርስ አለ፤ ባለቤቷ ቁልቁለት ነው የሚወርድባት። ብሎም ከሥሯ ገባ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በሥራዬ ብዙ ክፉ ወሬ ነግሬ ብዙ ፊት አይቻለሁ፤ ወሬውን ሰምቶ ስለ ሌላ ሰው ቁልቁለት የሚያስብ ፊት ግን አላየሁም። ክው አልኩ።

ያ የመጀመሪያው ነው። ቆዩ።

ሞላ የሰው መኪና በትኜ አልሄድም ብሎ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ዘነቡ ለነፍስ አባታቸው የክርስትና ስሙን ሰጥታ በየቅዳሴው ይጸለይለት ነበር። ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ለመሄድ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል፣ ታማሚው ራሱ ይቅረብ ስለተባለ ሁለታችን አብረን ክሊኒክ ሄድን። እኔ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ስዘረጋ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ወረቀቱን ትታ ሞላን አተኩራ አየችው።

«እርስዎ ገብረ ማርያም አይደሉ እንዴ? ውጤትዎ ከመጣ እኮ ሁለት ወር አለፈው። የሚወስደው ሰው ጠፋ።»

ሞላ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ተሳስታለች ልል አፌን ስከፍት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነኝ» አላት።

እዚህ ላይ ለማታውቁ ላስረዳ። የክርስትና ስም ለሁሉም ሰው የሚነገር ስም አይደለም። ቄስ ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች፣ ሚስት ታውቀዋለች። መተት ይሠራበታል ተብሎ ከባዳ ይደበቃል፤ ሃያ ዓመት የሚያውቅህ ጎረቤትህ የሚሰማው ቀብርህ ላይ፣ ቄሱ ሲፈቱህ ነው። ታዲያ ይህን የተሸሸገ ስም ሞላ ለካርድ ክፍል ሠራተኛ ምን ቆርጦት ሰጠ? ጠየቅሁት።

«ሥጋዬን በመርፌ ቀድተው ወደማላውቀው አገር ሊልኩ ነው» አለኝ። «ከኔ ተለይቶ የሚሄድ ሥጋ ነው። እግዜር በሚያውቀው ስም ይሂድ ብዬ ነው።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ በቂ ነበር።

ገብረ ማርያም የሚለው ወረቀት መጣ። ሐኪሙ አነበበ። እብጠቱ ክፉ አይደለም፤ ከፈለገ ያስወጣው፣ ካልፈለገ ይተወው። ሞላ ሦስት ጊዜ አማተበ። እኔም ሰው የማቅፍ ባልሆንም አቀፍኩት። አቅፌው ሳለሁ ነው በቀኝ እጄ የያዝኩት ሌላው ወረቀት ትዝ ያለኝ።

የማን ነው?

ልጅቷ መዝገቡን ገለጠች። ሞላ ይመር። ሐብሩ፣ ግራና ከተማ አካባቢ፣ ገበሬ። ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋል። ሁለቱንም ጊዜ የነበሩት ተረኞች «ዘመድዎ ወስዶልዎታል» ብለው መልሰውታል። ዘመዱ እኔ ነኝ። ጊዜ አይሰጥም የተባለውን ወረቀት ሦስት ሳምንት በደረት ኪሴ ይዤ ስዞር የነበርኩ እኔ፣ ስም እስከ አያት ብዬ የማስተምረው እኔ። የሕመምተኞች አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። የተቀመጡት ሴትዮ ታማሚ መስዬአቸው ጠጋ አሉልኝ።

ሞላ ደስታውን አላጣጣመም። ትከሻዬን ይዞ «ተነሥ» አለኝ። መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደወልን፤ አይጠራም። ከመንገድ ለዘነቡ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። እሷም አመስግና ሳትጨርስ፣ የሰውዬውን የክርስትና ስም ጠይቅ፣ ዛሬውኑ ለአባ ልስጥ አለችው። በመርሳ በኩል ወደ ግራና ታጥፈን፣ እየጠየቅን፣ አራት ሞላዎች አልፈን አምስተኛውን አገኘነው። ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ውሃ እየመራ ነበር። አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞታል።

ሞላ መካኒኩ እንደዚያን ቀን ሲቸኩል አይቼው አላውቅም። ደህና ዋላችሁ ተባብለን ሳናበቃ፣ እኔ ነገሬን ከየት እንደምጀምር ሳስብ፣ ቀድሞኝ «የክርስትና ስምዎ ማን ይባላል?» አለው።

ሰውየው አካፋውን ተደግፎ አየው። ከዚያ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ እስላም ነኝ» አለ። «አላህ በዚሁ ባንድ ስሜ ያገኘኛል።»

እንግዲህ ወሎ ነው። ስም ሰምታችሁ ሃይማኖት ለመለየት ብትሞክሩ ከእኔ የባሰ ስሕተት ትሠራላችሁ።

ነገርኩት። ይህን ጊዜ ዙሪያ መዞር አማረኝ፤ ግን ዙሪያ መዞር የሚገባው ሰው አልመሰለኝም። ማን እንደሆንኩ፣ ወረቀቱን እንዴት እንደወሰድኩ፣ ምን እንደሚል፣ ስንት ቀን እንደያዝኩት ነገርኩት። ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። አልሐምዱሊላህ አለ፣ ቀስ ብሎ። ተወስዷል ሲሉት ወልድያ ያለው የወንድሙ ልጅ የወሰደለት መስሎት፣ የወሰደ ያመጣዋል ብሎ ሲጠብቅ እንደነበር ነገረን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሦስት ሳምንት በኪስህ?»

«አዎ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ። «በል ውሃ ጠጣ» አለኝ። «ላብ በላብ ሆነሃል።»

ሁለተኛው ክው ያልኩበት ይህ ነው፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

አሁን ከእናንተ መሐል የሚሟገተኝ አይጠፋም። ይኸው አየህ፣ ገበሬው በፈጣሪ ተማምኖ ከመቀመጥ ሦስተኛ ጊዜ ሄዶ ቢጠይቅ ኖሮ ቀን ባልባከነ ነበር ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ ብያለሁ። ግን ቁጭ ብዬ ሳጣራው ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ በአላህ ታመነ፤ ሁለት ጊዜም በእግሩ ሄዶ ጠየቀ። እኔ በወረቀት ታመንኩ፤ አንድ ጊዜ ጠየቅሁና አወቅሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ያስቀመጠኝ እምነት የኔው ነው።

በማግስቱ ሦስታችን አዲስ አበባ ሄድን። ሞላ መካኒኩ ጋራዡን ዘግቶ አብሮ ሄደ፤ የተዘጋጀ ቦርሳ አለኝ፣ የተሰናበትኳቸው ሰዎችም አሉ፣ በከንቱ አይቅር አለ። ሆስፒታሉ ውስጥ «ሞላ ይመር» ተብሎ ሲጠራ ሁለቱም ተነሥተው ነርሷ ተደናገጠች። ሐኪሙ ዘግይቷል፣ ግን አልመሸም አለን። ሦስት ሳምንቱ ምን ያህል ጎዳው ብዬ ስጠይቀው፣ ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም አለኝ። እኔ መልስ የሌለው ጥያቄ ጠይቄ ሳልደግመው ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንመለስ ዘነቡ፣ አባ ምን ልበላቸው፣ ስም የለኝ አለች።

«በኔው ስም ይቀጥሉ» አላት ሞላ መካኒኩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በስሜ የወጣው ጸሎት ለማን እንደሚገባ ላይ ያለው ያውቃል። እሱ እንደ ጋዜጠኛችን ስምና ወረዳ አይቶ አያድልም።»

ይኸው እስከ ዛሬ መርሳ ውስጥ፣ እብጠቱን አስወጥቶ በጤናው ለሚውል ገብረ ማርያም ይጸለያል።

ገበሬው ሕክምናውን ጀምሯል። የመጀመሪያው ዙር አልቆ እንደገና ናሙና ተልኳል፤ ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይመጣል ተብለናል። ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መቀበያ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው፤ እሱው ነው የሰጠኝ፣ «ካሁን በኋላ ካንተ የተሻለ የሚጠነቀቅለት የለም» ብሎ። ላስቲክ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሞላ ይመር ሰይድ ይላል፤ አያቱን እኔ ራሴ ነኝ ያስጻፍኩት። በየማለዳው ቁጥሩን አነበዋለሁ፣ ስሙን አነበዋለሁ፣ ክሊኒክ እደውላለሁ፣ አልመጣም ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ማጣራት የሚቻል ነገር አይቀረኝም። ስልኩን አስቀምጬ ወረቀቱን እንደያዝኩ እቀመጣለሁ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል ትላለች ባለቤቴ።

እኔ በበኩሌ አላረጋገጥኩም።