ክቡር ኢንጂነር ዓብዲረዛቅና አሥራ አንዱ ግራጫ ሰዓት

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ አለ ከተባለም ገና አልተከፈተም ማለት ነው። አገር ሁሉ «ይሁን፣ ይለፍ» ያለውን ነገር ይዞ «ማስረጃው የታለ?» የሚል፣ ዝናብ መጣ ሲሉት እጁን በመስኮት አውጥቶ የሚያረጋግጥ ሰው ማለቴ ነው። ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ የኢንተርኔት ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ኢንጂነር ዓብዲረዛቅ ናቸው።

ክቡርነታቸው ድሬዳዋ ያደጉ የሐርጌሳ ሰው ስለሆኑ ከሪሀና ጋር የሚያወሩት «አቦ» በበዛበት አማርኛ ነው። ሪሀና የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ ሰሃን ስታጥብ ቆይታ፣ በተማረችው ሙያ ለሦስት ወር ሙከራ የተቀጠረችው እዚህ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሹክሪ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነግራታለች፤ በኃላፊነት የተሰጣት የአያሃ ሰፈር ታወር በመጨረሻው ወር ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በታች ከሠራ ቋሚነት የሚባል ነገር የለም።

የሁለቱ ሥራ ስክሪን ማየት ነው። የከተማው ታወርና ሰርቨር ሁሉ ስሙ ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን የወሩን ሰዓታት የሚያሳይ መስመር ይሄዳል። የሠራበት ሰዓት አረንጓዴ፣ የቆመበት ቀይ፣ ምንም መረጃ ያልመጣበት ደግሞ ግራጫ ነው። ግራጫው እስኪጣራ ድረስ እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ኢንጂነሩ ቀይን አይጠሉም። «ቀይ ሐቀኛ ነው። ሞቻለሁ ይልሻል፣ ትቀብሪዋለሽ። ግራጫን አቦ ምን ታደርጊዋለሽ?» ይላሉ። ይህንን የሚሉት በቀን አራት ጊዜ ያህል ነው።

ችግሩ ልማዱ ከስክሪኑ ወርዶ ሰው ላይ መድረሱ ነው። በሰማያዊ ደብተራቸው ላይ የሕንፃው ሊፍት ከመቶ ሠላሳ አንድ አለው። ሻይ የምታመጣላቸው ሻምሶ ዘጠና ስድስት ላይ ናት፤ አራቷን ያጣችው በእህቷ ሠርግ ነው። የራሳቸው ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መቶ ነው። በሥራ ሰዓት ከወንበራቸው ጠፍተው አያውቁም። ጥርሳቸውን እንኳ ያስነቀሉት በምሳ እረፍት ሲሆን፣ በጥጥ በተጠቀጠቀ አፍ ሰዓታቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሪፖርቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሪሀና የአያሃን መስመር ከፈተች። ወሩ ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ያለፈው ሐሙስ ብቻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ግራጫ ለብሷል። አሥራ አንድ ሰዓት! ከሥሩ «98.47» ይላል።

«ኢንጂነር፣ ታወሩ እኮ አልቆመም፤ አንድም ደንበኛ ስሞታ አላመጣም» አለች። «ሁለት ጊዜ ጠቅ ካደረግነው አረንጓዴ ይሆናል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሐሙስ አያሃ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

«እኔም አልነበርኩም። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ሪሀና ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ወላሂ፣ ያን ሰማያዊ ደብተር በመስኮት ብትወረውረው ደስታዋ ነበር። ተመልሳ የምትገባበት የሆቴሉ ማጠቢያ ቤት፣ የሳሙናው ሽታ ሳይቀር መጣባት። ወደ መታጠቢያ ክፍል ሄዳ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ የኢንጂነሩ ወንበር ባዶ ነው።

አንድ ሰዓት ጠበቀች። ሻምሶ ሻዩን ይዛ መጥታ ወንበሩን አየች፣ ሪሀናን አየች፣ «ሞቱ እንዴ?» አለች። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ክቡርነታቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ገቡ። አፈር የለበሰው ጫማቸው ጫማ መሆኑ የሚታወቀው በማሰሪያው ብቻ ነበር። ተቀመጡ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ አንድ ነገር ጫሩና ገጾች ገንጥለው ለሪሀና ሰጧት።

«የታወሩ ዘበኛ አቦኮር፣ ጎረቤቱ ልጁን ሲድር ድምፅ ማጉያ የሚሰካበት ቢያጣ፣ የኛን መቆጣጠሪያ ሳጥን ነቅሎ ሶኬቱን ለድንኳኑ አውሷል። ታወሩ አልቆመም፤ ወሬ ነጋሪው ነው የተነቀለው።»

«ታዲያ መሥራቱን በምን አወቁ?»

«ሠርገኛው ቀኑን ሙሉ በታወሩ ኢንተርኔት በቪዲዮ ሲያወራ ነው የዋለው። ቤት ለቤት ዞሬ ስልካቸውን አስከፈትኩ።»

ገጾቹ ላይ አሥራ አንዱም ሰዓት በየተራ ሰፍሯል። ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል፣ የሙሽራዋ እናት ሆዶ ከጅዳ እህቷ ጋር። ከዚያ አጎትየው ከኦስሎ፤ ያቋረጠው የራሱ ባትሪ አልቆበት ነው። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያሉት ሃያ ደቂቃዎች ፊት ለፊት ግን «ሁሉም ሶላት ላይ ነበሩ፤ ምስክር የለም» ይላል።

ሃያዋን ደቂቃ ሪሀና ለምና አልሆነላትም። ሪፖርቱ በሃያ ደቂቃ ግራጫ፣ በ99.95 ገባ። ሐሙስ ሹክሪ «ቅዳሜ ሰነዶችሽን ይዘሽ ለውል ነይ» ብላ አጭር መልእክት ላከች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ሪሀና ወደ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ሮጠች። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ደብተሩ ተከፍቷል። ረቡዕ ላይ፣ ከስማቸው ፊት፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቀይ መስመር ተሰምሯል።

አረንጓዴ እስክሪብቶ አነሳች።

«ምንድነው የምታደርጊው?»

«እያስተካከልኩ ነው። ሥራ ላይ ነበሩ።»

«አይተሽኛል?»

«ጫማዎን አይቻለሁ።»

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። የአያሃ አፈር እስካሁን ከስፌቱ አልወጣም። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ መጥተው ደብተሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

«እንግዲያው ፈርሚበት» አሉ።