የታሰረው ነፋስና የአባ ካቻቢቴ ዘመቻ

በዘመነ አባ ካቻቢቴ፣ አሮጌዋን መኪና ከቀድሞ ጌታዋ ተረክቦ ከመሪዋ ፊት በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ የፊት መስተዋቷ በተሰነጠቀ በአራተኛው፣ የኋላ በሯ ከውስጥ አልከፈትም ብሎ በሸፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ፀሐይ አስፋልቱን አለስልሳ የእግረኛን ጫማ በምትይዝበት ወራት፣ እነሆ ይህ ገድል ተፈጸመ። ገድሉን የፈጸመውም እርሱ ነው፤ የጠበቀውን የሚፈታ፣ የፈታውን የማይገጥም፣ የትርፍ ብሎኖች ባለአደራ፣ የመመሪያ መጽሐፍ ጠላት፣ መካኒክን ከነጋራዡ የሚንቅ፣ ካቻቢቴውን እንደ በትረ መንግሥት ከደረት ኪሱ የማይለይ፣ በሥራው ግን የመድን ድርጅት ጸሐፊ የሆነ፣ ከወረቀት መብሻ የከበደ መሣሪያ ያላነሣ አርበኛ።

ንግባእኬ ኀበ ጥንተ ነገር። የሚስቱ ታናሽ እህት ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበርና፣ ሚስቲቱም የዳቦ ቤቶችን ኬክ ሁሉ አጣጥላ «የእህቴን ኬክ ከእኔ በቀር ማንም አይጋግርም» ብላ በዘመድ አዝማድ ፊት አፏን ሞልታ ተናግራ ነበርና፣ ቃሏንም ጠብቃ ባለ ሦስት ደርብ፣ ክሬሙ እንደ ደመና የተቆለለ ኬክ ሠርታ፣ ማቀዝቀዣውን ከነመደርደሪያው አራቁታ አስገባችው። አዳራሹ ግን ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ ነበር። ኬኩ ቆሞ ከደረሰ ስሟ ይነሣል፤ ከቀለጠ ግን እስከ ልጅ ልጆቿ ድረስ «ሾርባ ይዛ የመጣችው» እየተባለች ትኖራለች። መኪናዪቱም ከዳሽቦርዷ የመሐል መውጫዎች ከዝናቡ ወራት ወዲህ እስትንፋስ አውጥታ አታውቅም፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ነፋስ ግን የለም።

ስለዚህ በሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ሚስቲቱ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ እጆቿ ዱቄት እንደ ለበሱ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ስማ አንተ ሰውዬ! ይቺን መኪና ዛሬውኑ ጋራዥ ውሰዳት። አልወስድም ካልክ ታክሲ እጠራለሁ፤ ኬኬን በሚነድ መኪና አልጭንም!»

አባ ካቻቢቴም ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከግቢው መሐል ወጥቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድረስ የራሱን አዋጅ አስነገረ፦ «በዚህ ቤት ጋራዥ የሚባል ስም እንዳይነሣ! ታክሲም እንዳይጠራ! ነገ ጠዋት ከዚህ ዳሽቦርድ የሚወጣው ነፋስ የራስሽን ሻሽ ይዞት ካልሄደ ምን አለ በዪኝ!» ሚስቲቱም በጋብቻዋ ዘመን ሁሉ ከሠራቻቸው ስሕተቶች ትልቁን ሠራች፤ አመነችው።

ወእምዝ፣ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። በቀኝ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ቆመ፣ መኪና ሲበላሽ ቆሞ በማየት የሚስተካከለው የሌለ፤ በግራ ፀጉር አስተካካዩ ቆመ፣ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ብቻ ላጭቶ ትቶ የመጣ፣ የሱቁን መስታወት ይዞ ብርሃን የሚያበራ፤ ከኋላ የፊዚክስ መምህሩ ቆመ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ስለ አየር ግፊት የሚያብራራ፣ ማንም የማይሰማው። ከሁሉም በላይ ለልጃቸው ሠርግ የመጡት አማቲቱ በጥላ ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ እርሳቸውም በዚያ ሙቀት ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ሁለት ዙር የጠመጠሙ፣ በዚህ ዓለም ሌባንም እሳትንም ሳይሆን ሽው የሚልን ነፋስ ብቻ የሚፈሩ ነበሩ። በዚህ ዜና ውስጥ አንቱ የሚባሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ይህን ክብር የሚያስገኝ አንዳች አልሠራም።

አባ ካቻቢቴም በመጀመሪያ በፊውዞቹ ላይ ዘመተ። ማራገቢያው እያጓራ ሳለ ፊውዙ ተቃጥሏል ማለት፣ እሪ የሚልን ሕፃን ትንፋሽ የለውም እንደ ማለት መሆኑ ከእርሱ በቀር ለሁሉ ግልጽ ነበር፤ እርሱ ግን አንድ በአንድ ነቅሎ በመሐረቡ ወለወላቸው፣ ሲመልሳቸውም አቀያየራቸው፣ ከዚያችም ሰዓት ጀምሮ ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር የዝናብ መጥረጊያው ብድግ እያለ መስተዋቱን ይጠርግ ጀመር። ቀጥሎ በተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው የጓንት ሳጥን ጀርባ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ ማረከ፤ በውስጡም የደረቀ ቅጠል፣ የብዕር ክዳንና የፌንጣ ክንፍ ተገኘ፤ ምርኮውንም በኮፈኑ ላይ ደርድሮ ለሠራዊቱ አሳየ፣ ሠራዊቱም አደነቀ፤ ፊልትሮው ታጥቦ ተመለሰ፣ ነፋስ ግን አልመጣም። ወካዕበ፣ ጋዙን ከሰሰ፣ ኮምፕሬሰሩን ረገመ፣ የቀድሞውን ባለመኪና ከነዘር ማንዘሩ ወቀሰ፣ የፋብሪካውንም መሐንዲሶች «ወረቀት ላይ እንጂ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም» ሲል በአዋጅ አዋረደ። ጡረተኛው ሹፌርም በፋንታው አወጀ፦ «በእኛ ጊዜ ኤሲ መስኮት ነበር! ዝቅ ታደርገዋለህ፣ አለቀ!»

ከዚህ በኋላ ታላቁ ጥፋት ሆነ። አባ ካቻቢቴ ዳሽቦርዱን ይፈታ ጀመር፤ ራዲዮኑን አወጣ፣ ሰዓቱን አወጣ፣ የጓንት ሳጥኑን ገንጥሎ በአበባ መደቡ ላይ አኖረ፣ ገመዶቹን እንደ በግ አንጀት ጎልጉሎ በወንበሩ ላይ ዘረጋ፤ የመሐል መውጫዎቹን ብቻ፣ መዝጊያ ክንፎቻቸው ከተሰባበሩ የቆዩትን፣ «እነሱ ደህና ናቸው» ብሎ ማራቸው። ከሠራዊቱም ሁሉ፣ ከሹፌሩም ከአስተካካዩም ከመምህሩም፣ ነፋስ እንቢ ወዳለው ቀዳዳ ጣቱን የሰደደ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ፀሐይም ስትጠልቅ ጀግናው የቻለውን መልሶ ገጠመ፤ ያልቻለውንም በባልዲ ሰብስቦ ወደ ቤት ገባ፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት እንደ ቀረውም አወጀ።

ወበሳኒታ፣ በማግስቱ፣ ፀሐይ ገና ሳትከር ማቃጠል በጀመረችበት ማለዳ፣ ሚስቲቱ የሠርግ ልብሷን ለብሳ ወጣች፤ ባልዲውን አየች፣ የተንጠለጠሉትን ገመዶች አየች፣ በመሪው ሥር የባሏን የተዘረጉ እግሮች አየች። አልጮኸችም፤ ጩኸት ለሚሰማ ሰው ነውና። በቀጥታ ወደ ማዶ ተሻግራ፣ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሥጋ የሚያመላልስበትን ባለማቀዝቀዣ መኪና አስነሣች፤ ሰውዬውም የሠርጉ ጥሪ ነበረውና እሺ አለ። በአንድ ሰው ቁመት ተንጠልጥለው በሚወዛወዙ ሁለት የበሬ ጎኖች መካከል፣ ኬኩ በነጭ አንሶላ ላይ ቆመ፣ ሚስቲቱም በአጠገቡ ቆማ ሁለቱን በሬዎች በክርኖቿ እየገፋች፣ በሩ ሳይዘጋ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረች፦ «እናቴን ይዘህ ና። ሳትዘገይ ና። ነፋሱን ደግሞ ለራስህ አድርገው!»

አማቲቱ ግን ያን የበረዶ ሣጥን ገና ሲያዩ አማትበው ወደ ኋላ አፈግፍገው ነበርና፣ በአባ ካቻቢቴ መኪና የፊት ወንበር ላይ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው፣ በተዘረገፉት ገመዶች መካከል ተቀመጡ።

ያን ጊዜ፣ ሠራዊቱ መስታወቱንና የሻይ ብርጭቆውን ይዞ እንደ ገና ተሰልፎ ሳለ፣ የአርበኛው ቁጣ ነደደ። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው አዞረ፣ መዳፉንም ከፍ አድርጎ ዳሽቦርዱን አንድ ጊዜ በጥፊ መታው። ወዲያው ከሁለቱ መውጫዎች ሁለት ነገሮች እንደ ጥይት ወጡ፤ አንዱ በአስተካካዩ መስታወት ላይ ተላተመ፣ ሁለተኛው በመምህሩ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ ሻዩን በሙሉ ጠጣ። ነፋስም ወጣ፤ ቀዝቃዛ፣ ብርቱ፣ ወራት የታሰረ ነፋስ። ሠራዊቱም እልል አለ።

መምህሩ ከብርጭቆው ያወጣውን ሁሉም ተመለከቱት። ለሁለት የተቆረጠ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነበር፣ በአንድ ጎኑ ቢጫ፣ በአንድ ጎኑ አረንጓዴ፤ ሚስቲቱ ስትፈልገው የከረመችው። አማቲቱም ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ነገሩ ምን እንደሚያስደንቅ ሳይገባቸው አወጁ፦ «ልጄ፣ ይሄንንማ አንተው ነህ የወተፍከው! ክንፎቹ ተሰብረው አልዘጋ ብለው፣ በዚያ ዝናብ ወደ ሐኪም ስትወስደኝ ነፋሱ አንገቴን ሲይዘኝ! እንዲያውም ቆርጠህ አለካክተህ፣ እንዴት ያለ ባለሙያ ልጅ ነው ብዬ መርቄህ አልነበረም!»

ሹፌሩ ጫማውን ተመለከተ፣ አስተካካዩ ግማሽ ጢም ያለውን ደንበኛውን አስታወሰ። አባ ካቻቢቴ ግን ጀግና ነውና አልደነገጠም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ፦ «እንግዲህ እንዳያችሁት፣ ችግሩን ደርሼበታለሁ።»

ሁለተኛ ትንፋሽ ሳይስብም አማቲቱ በጠነከረ ድምፅ አዘዙ፦ «በል ቶሎ ዝጋልኝ፣ አንገቴ!»

እርሱም ስፖንጁን ጨመቀው፣ ሻዩ በሱሪው ላይ ወረደ፣ ሁለቱንም ግማሾች በገዛ ጣቶቹ ወደየቀዳዳቸው መልሶ ወተፈ። መስኮት መክፈትም ተከለከለ። እንዲሁ ታፍኖ፣ እግረኛ ባየ ቁጥር ጥሩምባ እየነፋ፣ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መስተዋቱን በዝናብ መጥረጊያ እየጠረገ፣ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ደረሰ። ኬኩ በአዳራሹ መሐል፣ ከሦስቱ ደርቦቹ አንዱ እንኳ ሳይንጋደድ ቆሞ ነበር። ሚስቲቱም ባሏን፣ ከአንገትጌው እስከ ካልሲው የራሰውን፣ ከላይ እስከ ታች አይታ በእንግዶች ፊት አወጀች፦ «ኬኩ ደርሷል። የቀለጥከው አንተ ነህ።»

ኦ አባ ካቻቢቴ፣ በራስህ ላይ ዘምተህ ራስህን የማረክህ፣ ያሰርከውን ነፋስ ፈትተህ የፈታኸውን መልሰህ ያሰርክ፣ ለአንድ ጥፊ ሥራ ዳሽቦርድ ያፈረስህ ኃያል! ከአንተ በፊት የነበሩት መኪናቸውን ጋራዥ ወስደው በሰላም ኖሩ፣ ስማቸውም ተረሳ፤ የአንተ ግን አይረሳም፣ ሚስትህ አለችና። ትርፍ ብሎኖችህ በባልዲያቸው ውስጥ እየተንኳኩ ክብርህን ይመስክሩ፤ ጥሩምባህና መጥረጊያህ አይለያዩ፤ ስፖንጅህም በቦታው ይጽና።